የአርዱይኖ ናኖን ቡትሎደር መቀየር፦ ከሰው ርቆ ለሚሠራ ቦርድ

አርዱይኖ ናኖ የሚባለው ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ጠረጴዛ ላይ እስካለ ድረስ አያስቸግርም። ሲደርቅ ሪሴት ትጫናላችሁ፤ ካልሆነም ዩኤስቢውን ነቅላችሁ ትሰካላችሁ። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ቦርዱ ከሰው ሲርቅ ነው። መራዊ አካባቢ፣ ሽንኩርት ማሳ ዳር፣ ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ ፓምፕ የሚያበራና የሚያጠፋ ናኖ ተክላችኋል እንበል። ሌሊት መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ፕሮግራሙ ይደርቃል፣ ፓምፑ ይቆማል። እናንተ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃችሁ ባሕር ዳር ናችሁ። ጠዋት የማሳው ባለቤት ይደውላሉ፦ «ልጄ፣ ይቺ ሣጥንህ ምን ነካት? ውሃውም የለ፤ መብራቷ ብቻ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ትላለች።»

እናንተ ደግሞ ዋችዶግ አስገብታችሁበት ነበር። ፕሮግራሙ ቢደርቅ ራሱን በራሱ እንዲያስነሳ ያደረጋችሁት ለዚሁ ቀን ነው። ታዲያ ለምን አልተነሳም?

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእናንተ ፕሮግራም ሳይሆን የድሮው የናኖ ቡትሎደር (ቦርዱ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም) ነው። ቶሎ ቶሎ የሚለው መብራትም የሱ ምልክት ነው። መፍትሔው ቡትሎደሩን መቀየር ነው፤ ሥራው ከባድ አይደለም፣ ብዙ ዕቃም አይፈልግም። ግን ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከውስጥ ምን እየሆነ ነው?

የናኖ ዋና ቺፕ ኤትሜጋ328ፒ ነው። 32 ኪሎባይት ፍላሽ ሜሞሪ፣ 2 ኪሎባይት ራም፣ 1 ኪሎባይት ኢኢፕሮም (ኃይል ቢቋረጥም ቁጥር የማይጠፋበት ሜሞሪ) አለው። የእናንተ ፕሮግራም ከፍላሹ መጀመሪያ አንስቶ ይጻፋል። ቡትሎደሩ መጨረሻው ላይ ለብቻው ይቀመጣል። ሪሴት በሆነ ቁጥር ቺፑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቡትሎደሩ ነው። ቡትሎደሩ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። በዩኤስቢ በኩል አዲስ ፕሮግራም ይዞ የመጣ ካለ ያስገባዋል፤ ከሌለ ለነባሩ ፕሮግራም መንገዱን ይለቃል።

ዋችዶግ የሚባለው ቺፑ ውስጥ ያለ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ፕሮግራሙ በየጊዜው ካላደሰው ቺፑን ሪሴት ያደርጋል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው የሚቀጥለውን ነው። በዋችዶግ ምክንያት ሪሴት የሆነ ኤትሜጋ328ፒ ሲነሳ ዋችዶጉ አይጠፋም። እንደበራ ይቀጥላል፤ ጊዜውም ወደ አጭሩ፣ ወደ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ኮድ ወዲያው ሊያጠፋው ይገባል። የድሮው የናኖ ቡትሎደር ይህን አያደርግም። የራሱን ሥራ ሳይጨርስ 16 ሚሊሰከንዱ ያልቃል፤ ቺፑ እንደገና ሪሴት ይሆናል፤ ደግሞ ከመጀመሪያው። የእናንተ ፕሮግራም ተራው ጨርሶ አይደርሰውም። ሰው ሄዶ ኃይሉን ካላቋረጠ በስተቀር እንደዚያው ሲሽከረከር ይውላል።

ኦፕቲቡት የሚባለው አዲሱ ቡትሎደር ሲነሳ ሪሴቱ ከየት እንደመጣ ያያል። የሪሴት ፒኑ ተነክቶ ከሆነ 1 ሰከንድ ያህል አዲስ ፕሮግራም ይጠብቃል። ካልሆነ ዋችዶጉን አጥፍቶ በቀጥታ ወደ ፕሮግራማችሁ ይሄዳል። መጠኑም ትንሽ ነው፤ 512 ባይት ይበቃዋል። ለድሮው የተከለለው ቦታ 2 ኪሎባይት ነው። የመጫኛ ፍጥነታቸውም (ቦድ ሬት የሚባለው) ይለያያል፦ የድሮው 57600፣ ኦፕቲቡት 115200።

የአርዱይኖ ድርጅት ራሱ የሚሸጣቸው ናኖዎች ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ አዲሱን ይዘው ነው የሚወጡት። እኛ እጅ የሚገቡት ግን አብዛኞቹ ቅጂዎች ናቸው፤ ሲኤች340 የሚባል የዩኤስቢ ቺፕ ያለባቸው። እነዚህ ላይ የድሮውን ማግኘት አሁንም የተለመደ ነው። ስለዚህ ገና ከካርቶኑ የወጣ ቦርድ ነው ብላችሁ አትመኑት።

የእናንተ ቦርድ የትኛውን ይዟል?

ናኖውን ሰክታችሁ አርዱይኖ አይዲኢን (ፕሮግራም የሚጻፍበትንና የሚጫንበትን ሶፍትዌር) ክፈቱ። ቱልስ ከሚለው ውስጥ ቦርዱን አርዱይኖ ናኖ አድርጉ። ከሥሩ ፕሮሰሰር የሚል ምርጫ አለ። መጀመሪያ ኤትሜጋ328ፒ የሚለውን መርጣችሁ የብሊንክ ምሳሌን ጫኑ። ከገባ አዲሱ አለው። «ኖት ኢን ሲንክ» የሚል ስሕተት እየደጋገመ ከወጣ፣ ኦልድ ቡትሎደር የሚለውን መርጣችሁ ድገሙት። አሁን ከገባ የድሮው ነው። ሁለቱም እምቢ ካሉ ቡትሎደሩ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ኬብሉን፣ ፖርቱንና ድራይቨሩን እዩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ዳታ የማያሳልፍ ኬብል ስንቱን ሰው ግማሽ ቀን እንዳለፋ! ኡቡንቱ 22.04 የምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ብሬይልቲቲዋይ የሚባለው የማየት ችግር ላለባቸው የተሠራ ፕሮግራም ሲኤች340ን የራሱ መሣሪያ መስሎት ፖርቱን ይወስደዋል። የማትጠቀሙበት ከሆነ አራግፉት፤ ፖርቱ ይመለሳል።

ዋችዶጉንም በቀጥታ መፈተን ይቻላል። ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። ሴትአፕ ውስጥ 13ኛው ፒን ላይ ያለው መብራት 10 ሰከንድ ያህል ዘግየት እያለ ይብራና ይጥፋ። ከዚያ ዋችዶጉን በ2 ሰከንድ አስነሱ። ሉፑን ባዶ ተዉት፤ ዋችዶጉን የሚያድስ ምንም ነገር አታስገቡ። ጤነኛ ቦርድ ዘገምተኛውን ብልጭታ ይጨርሳል፣ ሪሴት ይሆናል፣ ብልጭታውን እንደገና ይጀምራል። የድሮ ቡትሎደር ያለው ግን ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በፍጥነት ብልጭ እያለ ይቀራል። ያኔ ዩኤስቢውን ነቅላችሁ መልሱና በ10 ሰከንዱ ውስጥ ሌላ ፕሮግራም ጫኑበት። መጠበቂያዋን ያስገባነውም ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ቡትሎደር ራሱን በዩኤስቢ በኩል አይቀይርም። በዩኤስቢ የሚመጣውን ነገር የሚቀበለው እሱ ራሱ ነውና። ስለዚህ በሌላ መንገድ እንገባለን፦ ቺፑ በቀጥታ በሚነበብበትና በሚጻፍበት አይሲኤስፒ በሚባለው መንገድ። ለዚህ ፕሮግራመር ያስፈልጋል፤ ሌላ አርዱይኖ ያንን ሥራ ይሠራልናል።

አንድ አርዱይኖ ኡኖ (ሁለተኛ ናኖም ይሆናል)፣ ስድስት ጃምፐር ዋየር፣ አንድ ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ባትሪው ጤነኛ የሆነ ላፕቶፕ። በቃ። ካፓሲተሩን ለመግዛት አትንከራተቱ። ከሞተ ፓወር ሰፕላይ ወይም ከአሮጌ ሬዲዮ ላይ ይነቀላል፤ ጥገና ቤት ብትጠይቁም ከተጣለ ቦርድ ነቅለው ይሰጧችኋል። ቮልቱ 10 እና ከዚያ በላይ ይሁን እንጂ ሌላው ግድ የለም።

አይዲኢውን በተመለከተ፣ ላፕቶፓችሁ ያረጀ ከሆነ 1.8.19ን እመክራለሁ። ሁለተኛው ትውልድ ያምራል፣ ግን ራም ይበላል። ለዚህ ሥራ ደግሞ ምንም የሚጨምርላችሁ ነገር የለም። በዊንዶውስ ኤቪአርዱዴስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራምም አውርዱ፤ መጠባበቂያ ቅጂ ለመውሰድና ፊውዝ (ቺፑ ውስጥ የተጻፈ የአሠራር ቅንብር) ለማንበብ ይጠቅመናል። ሁሉንም ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ቀድማችሁ አውርዱና ጫኑ። ማሳ ዳር ቆሞ ኔትወርክ መለመን አያዋጣም።

ወደ ሥራው ከመግባታችሁ በፊት ቦርዱን ከሣጥኑ አውጡ። ሪሌዩ (ፓምፑን የሚያበራው ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ሴንሰሩ፣ ሁሉም ይነቀል። በተለይ ከ11 እስከ 13 ያሉት ፒኖች ላይ የተሰካ ነገር ካለ የመጻፊያውን ምልክት ያበላሻል። ሪሌይ ከተረሳ ደግሞ ሥራው መሀል ተነስቶ ፓምፑን ሊያበራው ይችላል። 220 ቮልት አጠገብ ቀልድ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ እዩ፦ ቺፑ ላይ የተጻፈውን። በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ አንብቡት። አንዳንድ ርካሽ ናኖዎች ኤትሜጋ ሳይሆን ኤልጂቲ8ኤፍ328ፒ የሚባል ሌላ ቺፕ ነው ያለባቸው። ሲታዩ መንታ ናቸው። ነገር ግን ይህ መመሪያ እነሱ ላይ አይሠራም፤ አጻጻፋቸው ሌላ ነው።

ኡኖውን ፕሮግራመር ማድረግ

ኡኖውን ብቻ ሰኩ። ምንም ዋየር፣ ምንም ካፓሲተር ገና አይግባ። አይዲኢው ላይ ፋይል፣ ኤግዛምፕልስ፣ ከዚያ አርዱይኖአይኤስፒ የሚለውን ክፈቱ። ቦርዱን ኡኖ፣ ፖርቱን የኡኖውን አድርጋችሁ ጫኑ። አለቀ። ኡኖው ከዚህ በኋላ ፕሮግራመር ነው።

አሁን ዩኤስቢውን ነቅላችሁ ዋየሮቹን እንዲህ አገናኙ፤ በመጀመሪያ ያለው የኡኖ፣ ቀጥሎ ያለው የናኖ ነው፦

ዲ10 — ሪሴት
ዲ11 — ዲ11
ዲ12 — ዲ12
ዲ13 — ዲ13
5 ቮልት — 5 ቮልት
ግራውንድ — ግራውንድ

የናኖው እግሮች ያልተበየዱ ከሆነ መሀሉ ላይ ባለው ባለ 6 ቀዳዳ የአይሲኤስፒ ማገናኛ ግቡ። 1 ቁጥር ያለበት ጥግ ዲ12 ነው። 2 አምስት ቮልት፣ 3 ዲ13፣ 4 ዲ11፣ 5 ሪሴት፣ 6 ግራውንድ። ማገናኛውን አዙሮ መሰካት ቀላል ስሕተት ነው፤ ስለዚህ ኃይል ከመስጠታችሁ በፊት ሁለቴ ቁጠሩ።

የናኖው ዩኤስቢ ባዶውን ይቆይ። ኃይል የሚያገኘው ከኡኖው ብቻ ነው። ሁለት ምንጭ በአንድ ጊዜ አትስጡት።

አሁን ካፓሲተሩ። የሚገባው ኡኖው ላይ ነው፤ ናኖው ላይ አይደለም። ረጅሙ እግር (ፖዘቲቩ) ወደ ሪሴት፣ ጭረት ያለበት ጎን ወደ ግራውንድ። ኮምፒውተሩ ፖርቱን በከፈተ ቁጥር ኡኖው ራሱ ሪሴት ይሆናል፤ ካፓሲተሩ ያንን ይከለክልልናል። ከሌለ ኡኖው ፕሮግራመርነቱን ትቶ «አዲስ ፕሮግራም አምጡ» የሚል ተራ ቦርድ ይሆናል። በኋላ ኡኖው ላይ ሌላ ነገር መጫን ስትፈልጉ ካፓሲተሩን አውጡት፤ አለዚያ አይቀበልም።

ሳይቃጠል በቅጠል፦ ቅጂ መውሰድ

ይህን ደረጃ የሚዘልለው ሰው ብዙ ነው። አትዝለሉት። አዲስ ቡትሎደር ሲጻፍ ቺፑ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ፕሮግራሙ ይሄዳል፤ እሱ ኮምፒውተራችሁ ላይ አለ ብለን እናስብ። ኢኢፕሮሙም አብሮ ይሄዳል። የአፈር እርጥበት ሴንሰራችሁን በደረቅና በእርጥብ አፈር ለክታችሁ ያስቀመጣችሁት ቁጥር፣ ፓምፑ የሠራበት ሰዓት ድምር፣ የተያዙት እዚያ ነው። ከሌላ ቦታ አታገኙትም።

ኡኖውን ሰክታችሁ ኤቪአርዱዴስን ክፈቱ። ፕሮግራመሩን ኤስቲኬ500 ቨርዥን 1፣ ፖርቱን የኡኖውን፣ ቦድ ሬቱን 19200 አድርጉ። ከዚያ ዲቴክት የሚለውን ተጫኑ። ሁሉም ልክ ከሆነ ኤትሜጋ328ፒ ብሎ ያገኘዋል። እዚህ ላይ ካልተገኘ ወደፊት አትሂዱ፤ ችግሩን ከዚህ በታች እናየዋለን።

ከተገኘ በኢኢፕሮም ክፍል ሪድ የሚለውን መርጣችሁ የፋይል ስም ስጡና አስቀምጡ። በፍላሽ ክፍልም እንዲሁ። ቀጥሎ ፊውዞቹን አንብቡና ወረቀት ላይ ጻፉ። የድሮ ናኖ ብዙውን ጊዜ ሎው ፊውዙ ኤፍኤፍ፣ ሃይ ፊውዙ ዲኤ ነው። ኤክስቴንድድ የሚባለው ኤፍዲ ወይም 05 ብሎ ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ አምስቱ ቢቶች ስለማይሠሩ ሁለቱም አንድ ናቸው።

መጻፍ

ወደ አይዲኢው ተመለሱ። ፕሪፈረንስስ ውስጥ ገብታችሁ ሲጫን ዝርዝሩን እንዲያሳይ፣ ቨርቦስ የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ያ ከታች የሚወርደው ጽሑፍ ኋላ ይጠቅማል።

አሁን የቦርድ ምርጫ። ናኖ ብላችሁ አዲሱን ፕሮሰሰር ብትመርጡ ይሠራል። እኔ ግን ኡኖ የሚለውን ምረጡ እላለሁ። በሁለቱም የሚጻፈው የኦፕቲቡት ፋይል ያው ነው። ልዩነቱ ፊውዙ ላይ ነው። ናኖ ስትሉ ሃይ ፊውዙ ዲኤ ሆኖ ይቀራል፤ ለ512 ባይት ቡትሎደር 2 ኪሎባይት እንደተያዘ ማለት ነው። ኡኖ ስትሉ ዲኢ ይሆናል፣ የሚያዘውም 512 ባይት ብቻ ነው። ለፕሮግራማችሁ የሚቀረው ቦታ ከ30720 ወደ 32256 ባይት ያድጋል። 1536 ባይት ትርፍ! የኤስዲ ካርድና የስክሪን ላይብረሪ አብራችሁ ለምትጠቀሙ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን ያ ናኖ ለዘለዓለም በአይዲኢው ዓይን ኡኖ ነው። ፕሮግራም ስትጭኑም ኡኖ ብላችሁ ነው። ጀርባው ላይ በማርከር ጻፉበት፤ ከእናንተ በኋላ የሚነካው ሰው እንዳይደናገር።

ፕሮግራመር ከሚለው ዝርዝር አርዱይኖ አዝ አይኤስፒ የሚለውን ምረጡ። ልብ በሉ፣ አጠገቡ አርዱይኖአይኤስፒ የሚል አለ። ሌላ ነገር ነው። በዚች በአንዲት ቃል ምክንያት ቦርዱ ሞተ ተብሎ የተጣለበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ቱልስ ውስጥ መጨረሻው ላይ ያለውን በርን ቡትሎደር ተጫኑ። እጃችሁን ከዋየሮቹ ላይ አንሱ። የቦርዶቹ መብራቶች ይንቀለቀላሉ፣ ጽሑፉ ይወርዳል። ቺፑ ይለያል፣ ይጠፋል፣ ፊውዞቹ ይጻፋሉ፣ ቡትሎደሩ ይገባል፣ ተነቦ ይመሳከራል፣ በመጨረሻም የእናንተ ፕሮግራም ቡትሎደሩን እንዳይነካ ቁልፍ ይደረግበታል። ደቂቃ አይሞላም።

መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ስለሆነ ምንም አይሆንም። ዋየር ተነቅሎ ቢቋረጥም ቺፑ አልሞተም። አይሲኤስፒ ቡትሎደር ኖረ አልኖረ ግድ የለውም፤ መልሳችሁ ሰክታችሁ ከመጀመሪያው ትጽፋላችሁ። ፍላሹ 10,000 ጊዜ መጻፍና ማጥፋት እንዲችል የተሠራ ነውና በሁለተኛ ሙከራ አያልቅም። በእውነት የሚያስፈራው ፊውዝን በእጅ መነካካት ነው። ሃይ ፊውዝ ላይ የሪሴት ፒኑን የሚዘጋ ቢት አለ። እሱ ከተዘጋ በዚህ መንገድ መግባት አበቃ። ስለዚህ ከየትም ያያችሁትን የፊውዝ ቁጥር ዝም ብላችሁ አትጻፉ።

እምቢ ሲል

ሲግኔቸሩ (የቺፑ መለያ ቁጥር) ሙሉ በሙሉ ዜሮ ሆኖ ከመጣ ኡኖው ናኖውን ጨርሶ አልሰማውም። ዋየር ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ያ ነው። ዲ11ና ዲ12 ተቀያይረው፣ ወይም ጃምፐሩ ከውስጥ ተቆርጦ ይሆናል። በመልቲሜትር አንድ በአንድ ለኩ። ናኖው ላይ የኃይል መብራቱ መብራቱንም እዩ።

«ኖት ኢን ሲንክ» ካለ ችግሩ ከኮምፒውተሩ እስከ ኡኖው ነው፤ ናኖው የለበትም። ካፓሲተሩ ገብቷል? ፖርቱ ትክክል ነው? የፕሮግራመሩ ስም ትክክለኛው ነው?

ሲግኔቸሩ 1ኢ 95 0ኤፍ መሆን አለበት። 1ኢ 95 14 ካለ ቺፑ መጨረሻው ላይ «ፒ» የሌለው ኤትሜጋ328 ነው። 1ኢ 95 16 ካለ ደግሞ 328ፒቢ ነው። ሁለቱም ደህና ቺፖች ናቸው፣ ግን አይዲኢው የጠበቀው እነሱን ስላልሆነ ይከለክላል። ሚኒኮር የሚባለውን የቦርድ ፓኬጅ ብትጭኑ እነዚህንም ያውቃቸዋል።

አንዳንዴ ደግሞ ቺፑ ይገኛል፣ መጻፉ ግን መሀል ላይ ይስታል። ያኔ ዋየሮቹን አሳጥሩ። ከክንድ የሚረዝም ጃምፐር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከተጻፈ በኋላ

ኡኖውን አላቅቁ፤ ናኖውን በራሱ ዩኤስቢ ሰኩ። ቦርዱን ኡኖ፣ ፖርቱን የናኖውን አድርጋችሁ ያንን የዋችዶግ መፈተኛ ጫኑ። ዘገምተኛው ብልጭታ እየተመላለሰ ከመጣ ሥራው ሰምሯል። ቡና አፍልታችሁ እስክትጠጡ እንዲሁ ይሽከረከር፤ ደጋግሞ ከተነሳ እምነት ይጣልበታል።

ቀጥሎ ዋናውን ፕሮግራማችሁን መልሱ። ኢኢፕሮሙን ለመመለስ ናኖውን እንደገና ከኡኖው ጋር አገናኙና በኤቪአርዱዴስ ቀድሞ ያስቀመጣችሁትን ፋይል ጻፉ። እዚያ ላይ ቺፑን አጥፋ የሚለው ምልክት አለመደረጉን አረጋግጡ፤ ከተደረገ አሁን የጫናችሁትን ሁሉ ይጠርገዋል። የፍላሹን ቅጂ ግን አትመልሱት። እሱ ውስጥ ያለው የድሮው ቡትሎደር ነው።

መብራት ለሚዋዥቅበት ቦታ

እኛ ጋ ክረምት ሲገባ፣ ነጎድጓዱ ሲበዛ፣ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ሲዋዥቅ ይቆያል። ለማይክሮኮንትሮለር ከጠፋ መብራት የሚብሰው ይኼ ነው። 16 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሮጥ ኤትሜጋ328ፒ ከ3.8 ቮልት ገደማ በታች በትክክል ለመሥራቱ ዋስትና የለውም። ፊውዙ ግን ቺፑን የሚያቆመው ቮልቱ ወደ 2.7 ሲወርድ ነው። በመካከሉ ያለው ክፍተት አደገኛ ነው። ቺፑ እየሠራ ነው፣ ግን የሚያደርገውን አያውቅም። ኢኢፕሮሙ የሚበላሸው እንደዚህ ባለ ሰዓት ነው። ዋችዶግም፣ አዲስ ቡትሎደርም ከዚህ አያድኑም።

መፍትሔው የማቆሚያውን ገደብ ወደ 4.3 ቮልት ማንሳት ነው። ቁጥር በእጅ ከመጻፍ ሚኒኮርን መጠቀም ይሻላል፤ ቱልስ ውስጥ ቢኦዲ የሚል የዚህ ገደብ ምርጫ አለው፣ 4.3 ትሉና በርን ቡትሎደርን ትጫናላችሁ። እዚያው ኢኢፕሮም እንዲቆይ የሚያደርግ ምርጫም አለ። ሆኖም ቺፑ የሚጠፋው አዲሱ ፊውዝ ከመጻፉ በፊት ስለሆነ የመጀመሪያው ጊዜ ላይ አያድናችሁም። ቅጂውን ውሰዱ። በሚኒኮር የጻፋችሁት ቦርድ ላይ ከዚያ በኋላ ፕሮግራም የምትጭኑትም በሚኒኮር ነው።

ይህን የምታደርጉት ግን የኃይል ምንጫችሁ 5 ቮልቱን ጨብጦ የሚይዝ ከሆነ ብቻ ነው። ናኖ በዩኤስቢ ሲሠራ መሀል ላይ ያለው ዳዮድ ከ1 ቮልት ያነሰ ጥቂት ይቀንሳል። ቀጭን ኬብልና ደካማ ቻርጀር ከተጨመሩበት 5 ቮልት የሚለው ፒን ላይ 4.5 ልታዩ ትችላላችሁ፤ ያኔ ሪሌዩ በተነሳ ቁጥር ቺፑ ሪሴት ይሆናል። መጀመሪያ ፓምፑ እየሠራ በመልቲሜትር ለኩ። ከ4.8 በላይ ከያዘ ቀይሩት። ካልያዘ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን አስተካክሉ።

ሣጥኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ዋናው ፕሮግራም እየሠራ ሶኬቱን በተደጋጋሚ ንቀሉና ሰኩ፤ አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ቆየት አድርጋችሁ። በየጊዜው ፓምፑ በትክክለኛው ሁኔታ መነሳቱን እዩ። የአይሲኤስፒው ማገናኛ ሪሌይ ወይም ተርሚናል ሥር እንዳይደበቅ አድርጋችሁ ቦርዱን እሰሩት። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ የቡትሎደሩን ዓይነት፣ አይዲኢው ላይ የሚመረጠውን የቦርድ ስምና ሦስቱን ፊውዞች ጽፋችሁ ለጥፉ። የማሳው ባለቤት በሚቀጥለው ሲደውሉ ወደ መራዊ የሚሄደው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።